ሳይለመን ማን እሺ ይላል?

ወንድሜ ክብረት ዲግሪ የለውም። እንግሊዝኛ ግን አለው፤ ፋሲል ግቢ ቱሪስት ሲያስጎበኝ ነው የለመደው። ጎብኚው ሲጠፋ፣ እስያ ውስጥ ባለች ስሟን መጥራት በሚያቅተኝ አገር እንግሊዝኛ ሊያስተምር ተነሣ።

የቪዛው ነገር ግን ግራ አጋባን። ፒያሳ ያለው ደላላ "ያለ ዲግሪ አይታሰብም" ይላል። እዚያ ኖሮ የመጣው ጎረቤታችን ዓለምነው ደግሞ "ማን ዲግሪ ይጠይቅሃል? በጉብኝት ቪዛ ግባና እዚያው ወደ ሥራ ቪዛ ትቀይረዋለህ" ይላል። ሌላው መጥቶ እንደዚያ ያደረገ ሰው ታስሮ ተባረረ አለን። ሲሉ ሰምታ ሞተች ዶሮ ውሃ ገብታ እንዳይሆን ፈራሁ። ክብረት ሁሉንም እሺ እያለ ይሰማል፤ እኔ በሁሉም እናደዳለሁ።

በመጨረሻ የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በቪዲዮ አነጋገረችው። ቁስቋም ካለው ቤታችን፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ስልኩ ፊት ተቀመጠ። የተባባሉትን የነገረን በኋላ ነው። ሴትዮዋ ወደደችው። "ዲግሪ ባይኖርህም ትምህርት ቤታችን ዋስ ሆኖ የሥራ ቪዛ ያስወጣልሃል። ሥራውን ትቀበላለህ?" አለችው።

እሱስ ምን አላት? አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "እኔ ለዚህ አልበቃም፤ ከእኔ የተሻለ አይጠፋም።"

አትፍረዱበት። አባታችን መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እኛ ቤት ሹመት ሲመጣ ሳይለመን እሺ የሚል ሰው ስድ ይባላል። እሳቸው ራሳቸው መሪጌታ ሲባሉ "አልበቃም" ብለው ጓዳ ገብተው ነበር፤ ሽማግሌዎች ለምነው፣ እጃቸውን ስበው ነው ያወጧቸው። ክብረትም እጁን የሚስበው ሰው እየጠበቀ ነበር።

ሴትዮዋ ግን አመስግናው ዘጋች።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"ስለ እውነተኛነቴ አመሰገነችኝ። ደግማ ትጠይቀኛለች" አለ ፈገግ ብሎ።

አባየም "ሸጋ መልሰሃል" ብለው መረቁት።

በማግሥቱ አልደወለችም፤ መልእክት ላከች። ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው፤ ሐሳቡን ከለወጠ እስከ ማታ ይጻፍላት።

አባየ ግራ ገባቸው። "ምነው? አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው ነው እንዴ የሚሄዱ?"

"ጻፍ!" አልኩት ደሜ ፈልቶ። "እበቃለሁ፣ እችላለሁ በላት! ዲግሪ እንደሆነ የለህ፤ ያለህ ይኸው አፍህ ነው።"

ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ጻፈ፣ አጠፋ። አባየን ቀና ብሎ አየና እንደገና ጻፈ፤ እሱንም አጠፋ። የነገሥታቱን ክብር ቀኑን ሙሉ ሲተርክ የማይደክመው ልጅ፣ ስለ ራሱ አንዲት ቃል አጣ። ጀንበሯ አዘቀዘቀች።

"እታለም" አለኝ በመጨረሻ ስልኩን እየዘረጋልኝ፣ "እበቃለሁ የሚለውን እስኪ አንቺ ጻፊልኝ።"

እንግሊዝኛ እንደማልችል ያውቃል።