ሰባት ሚሊሜትር

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» እያለ ነው የሚጠራው። ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም። ሰውዬው መለኪያ ሜትሮውን ከወገቡ የሚያወርደው ሊተኛ ሲል ብቻ ነው፤ እሱንም ሚስቱ ለምናው። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ በሽተኛው የተኛበትን አልጋ ለክቶ የሚመለስ ሰው እንግዲህ ምን ይባላል? ይህ ያየውን ሁሉ ሲለካ የኖረ ሰው በገዛ ልጁ ላይ ሰባት ሚሊሜትር ጎደለችውና እንቅልፍ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። አየር መንገድ አስተናጋጆች እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ፎርሙን ያመጣላት እሱ ነው፣ የሞላላትም እሱ ነው፣ ያስገባላትም እሱ ነው። ልጄ በአውሮፕላን ስትሄድ ሳላይ አልሞትም ብሏል። ፎርሙ ላይ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ ቁመት ከአንድ ሜትር ከስድሳ ያላነሰ ትላለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ ግድግዳ አስደግፎ ለካት። አንድ ሜትር ከሃምሳ ዘጠኝ ከሦስት ሚሊሜትር። ደግሞ ለካት፤ ያው ነው። ሜትሮው አርጅቷል ብሎ ከሱቅ አዲስ ገዛ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው መሰከረባት። በዚያ ላይ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት አይቀበሉም፤ እሷ ሃያ አምስት ሊሞላት የቀራት ሁለት ወር ነው። ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት።

ያዳነው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ወይም አዳነኝ ብሎ ያሰበው። ይህ አማቹ የሳይንስ መምህር ነው። ሰው ሰላም ብሎት እንኳ ስለ ጉበት ወይም ስለ ጣፊያ አንድ ነገር ሳይነግር አይለቅም። እሑድ ቀን መጥቶ የአናጢውን የጠቆረ ፊት ሲያይ፣

«መቼ ነው የለካሃት?» አለው።

«ማታ ነዋ።»

«በል ጠዋት ልክ ከመኝታዋ እንደተነሳች ለካት። የጀርባ አጥንታችን አንድ ወጥ አይመስልህ፤ አጥንት በአጥንት ላይ የተደረደረ ነው። በየመሃሉ ውሃ የያዘ ለስላሳ ትራስ አለ። ቀን ስንቆም ስንቀመጥ ክብደታችን ይጫነውና ውሃው ይጨመቃል፤ ሌሊት ስንተኛ መልሶ ይጠጣል። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። አንተም ብትሆን።»

አናጢው አላመነም። ግን በማግስቱ ጠዋት ልጁ ዓይኗን ሳትገልጥ አልጋዋ አጠገብ ተገትሮ ነበር። ለካት። አንድ ሜትር ከስድሳ ከአምስት ሚሊሜትር። ሰውዬው እንደ ልጅ ዘለለ፤ ልጅቷም ከትከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ሱቁን የሚከፍት ሰው በየጠዋቱ እየዘገየ እሷን መለካት ጀመረ። አንድ ቀን ከስድሳ ከአራት፣ አንድ ቀን ከስድሳ ከስድስት። ሁለቱ ይስቃሉ፣ እናትየው ከማድ ቤት «እናንተ እብዶች» ትላለች። ደግ ጊዜ ነበር።

የአየር መንገዱ የሕክምና ምርመራ ቀጠሮ ሲመጣ ግን ደሙ ቀዘቀዘ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ጠዋት ያገኛትን ቁመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይጠብቅለታል? ወደ አማቹ ሮጠ። አማቹም አብዛኛው ጭማሪ ከመኝታ በተነሱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ እንደሚጠፋ ነገረው። መቀመጥ ደግሞ ከመቆም ይብሳል አለው፤ ጀርባን የበለጠ ይጫናል። አናጢው ይህን ሰምቶ ሲመለስ ቁርጡን ቆርጦ ነበር፤ የዚያን ዕለት ልጁ ከአልጋ አትነሳም።

በቀጠሮው ቀን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። ልጅቷ ቁርሷን ተኝታ በላች፣ ምሳዋን ተኝታ በላች። መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ከበሩ ውጭ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ይላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን የቤት ዕቃ በሚያመላልስባት መኪና ጀርባ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ከነብርድ ልብሷ አጋደማት።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ፣ «ልጅ ናት ወይስ ቁም ሳጥን?»

«ቁም ሳጥንም ቢሆን ተኝቶ ነው የሚጫነው።»

ያየ ሰው ሬሳ የጫነ ይመስለው ነበር። ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ልቡ አብራ ትዘላለች። «ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ትላለች ከኋላ። መንገዱ ተዘጋግቶ ሰዓቱ ሲሮጥ ላብ አጠመቀው። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ሲደርሱ አንጠልጥሎ ሊወስዳት ምንም አልቀረውም፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው።

ተስፋ ያደረገው ገብታ፣ ተለክታ፣ እንድትወጣ ነው። ግን ነርሷ ሁሉን በተራ ነው የምትሠራው። መጀመሪያ የልብ ምት፣ ቀጥሎ የደም ግፊት፣ ቁመት መጨረሻ። የልጅቷን አንጓ በሦስት ጣቷ ያዘችና ዓይኗን ሰዓት ላይ ተከለች።

«መቶ አሥራ ስምንት» አለች። «ብዙ ነው የኔ እህት። ከመቶ በላይ ከሆነ ማሳለፍ አልችልም። እዚህ ቁጭ ብለሽ ተረጋጊ፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ እናየዋለን።»

አናጢው «ቁጭ» የሚለውን ሲሰማ ክው አለ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቁመቷን ቢያስቀድሙልኝስ?»

«አባት፣ በተራ ነው።»

«እሺ ትንሽ ጋደም ትበል።»

«አልጋው ተይዟል።» እውነቷን ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ የገዛ ደሟን ስታይ የወደቀች ልጅ ተኝታለች።

እንዲህ ያለ ጣጣ ታይቶ ይታወቃል? ብትቀመጥ ታጥራለች፣ ባትቀመጥ ልቧ አይሰክንም። የጀርባዋ አጥንት ቶሎ በሉ ይላል፣ ልቧ ቀስ በሉ ይላል። አናጢው መሃል ቆሞ የትኛውን እንደሚለምን ጠፋው። «ቀጥ በይ እንጂ አትጉበጪ» ይላታል። ወዲያው ደግሞ «አትጨነቂ፣ ምንም የለም፣ ተንፍሺ» ይላል። ሰዓቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። ነርሷ ተመልሳ አንጓዋን ስትይዝ መቶ ሃያ አራት ሆኖ ተገኘ።

ነርሷ ልጅቷን አየች፤ ቀጥሎ አባትየውን አየች። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዚህ በኋላ የማየው» አለች።

«አባዬ» አለች ልጁ ቀስ ብላ፣ «ውጭ ጠብቀኝ።»

«ለምን? እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተን ሳይ ነው ልቤ የሚመታው።»

ሰዓቱን እንደገና አይቶ ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ልጃገረዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷ ቦታ ለቀቀችለት፣ አልተቀመጠም። አማቹ የሰው ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል ብሎ ነግሮት ነበር። የእሱ ልብ የሙሉ ቀኑን በዚህች ግማሽ ሰዓት የጨረሰ መሰለው። በሩ ሲከፈት ይጠጋል፣ ሌላ ሰው ነው። ውሃ ሊጠጣ ፈለገ፤ ግን ስሄድ ብትወጣስ ብሎ ቀረ።

ልጁ ወረቀቷን አጥፋ ይዛ ወጣች። እሱ ከኋላ ከኋላ እስከ መኪናው ተከተላት። የኋላውን በር ሊከፍትላት ሲል ፊት ገብታ ቁጭ አለች። ያኔ ነገሩ ገባው። እሱም ከመሪው ኋላ ተቀመጠ።

«ልብሽስ?»

«ሰማንያ ሁለት።»

«ቁመትሽስ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ከስምንት።»

ሁለት ሚሊሜትር። ሰማይ ተደፋበት። «የእነሱ መለኪያ ልክ አይደለም» አለና በሩን ከፈተ። «የኔን ይዤ እገባለሁ፤ ሲስተሯ ፊት ነው የምለካሽ።» ልጁ እጅጌውን ያዘችው።

«ተው አባዬ። ሲስተሯ ቁጥሩን ስትነግረኝ የምወድቅባት መስሏት እጄን ያዘችኝ፤ የልብ ምቴንም ቆጠረች። ያው ሰማንያ ሁለት ነው። ‹አልደነገጥሽም እንዴ?› አለችኝ።»

«አልደነገጥሽም?»

«አልደነገጥኩም።» ወረቀቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «መቶ ሃያ አራት የነበረው አልፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። አንተ ከወጣህ በኋላ፣ ካለፍኩም አልሄድም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሰከነ።»

አናጢው በሩን መልሶ ዘጋው። ተናደደ፣ አፈረ፣ ሆዱ ባባ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት። «ሥራው አያምርሽም ነበር?»

«ልጆቼን እወዳቸዋለሁ። እዚያ እኮ ረጅሟ እኔ ነኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽኝ? ዛሬ እንኳ፣ እንደ ዕቃ ጭኜ ሳመጣሽ?»

«ጠዋት ጠዋት ስትለካኝ ደስ ይልህ ነበር» አለች። «እኔ ስነሳ ሌላ ጊዜ ቤት የለህም። ብነግርህ ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ።»

ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ከኋላው የቆመ መኪና ጥሩምባውን ነፋበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ምን ይበላት? ሃያ አራት ዓመት ከጎኑ ያደገች ልጅ ናት። ብዙ ፈልጎ ያገኘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ስንት ናቸው ልጆችሽ?»

«ሃያ ስድስት» አለችው። እዚያ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እስከዚያች ሰዓት ጠይቋት አያውቅም ነበር።