ውሃ የተከለከለ ሩዝ

ዩንሺያ ውሃውን ከሩዝ ማሳዋ ያፈሰሰች ዕለት የመንደሩ ሰው ሁሉ የእርሻ ሊቅ ሆነ። የባሏ ሦስተኛ አጎት ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ግድቡ ላይ ቆመው ነበር።

"ልጄ፣ ሩዝ እኮ ዳክዬ ነው፤ እግሩ ካልረጠበ ይታመማል።"

"ዳክዬም ለመተኛት ደረቅ ይፈልጋል፣ ሦስተኛ አጎቴ።"

ለአፏስ ማን ብሏት! አምና የዘሩት ዲቃላ ሩዝ እንደ ለመለመ ከርሞ፣ ሲታጨድ የዛላው አናት ብቻ ሞልቶ ግርጌው ገለባ ሆኖ ተገኘ። ጉልበቱን አገዳው ውስጥ ደብቆ ለፍሬው የነፈገ ቋጣሪ! ባሏ ዴሺንግ ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ ሱዡ ከተማ ወርጄ ጡብ እሸከማለሁ ብሎ ምሏል፤ በዚያ ጎንበስ ባለ ቁጥር በሚያቃስተው ወገቡ።

ድፍረቱን የሰጣት አንድ እባብ መሰል ዓሣ ነው። አምና የግድቡን ጥግ ቦርቡሮት ውሃው ሾልኮ ነበርና፣ የዚያ ጥግ ሩዝ ብቻ ቶሎ ቢጫ ሆኖ እስከ ግርጌው ሞላ። የወረዳዋን የግብርና ባለሙያ ብትጠይቃት፣ "እውነትሽን ነው" አለቻት። "አበባው ካለፈ በኋላ መሬቱ ሲጠማ አገዳው ያከማቸውን ለፍሬው ይለቃል። ግን በልኩ! ቅጠሉ ቀትር ላይ ቢጠቀለል አትደንግጪ፤ ጠዋት ተዘርግቶ ካላገኘሽው ግን ቶሎ አጠጪው።"

ታዲያ አንድ ቀን የሚለበልብ ፀሐይ ወጣና ቅጠሉ ሁሉ እንደ ሲጋራ ተጠቀለለ። ዴሺንግ ዶማውን ይዞ፣ በልጃቸው ስም እየጠራት እየሮጠ መጣ።

"የሹንሹን እናት! ሩዝ ነው ወይስ ትምባሆ የምታመርቺው? ዞር በይ፣ ቦዩን ልክፈት!"

ዩንሺያ ሄዳ የቦዩ አፍ ላይ ቁጭ አለች። "እንግዲያው እኔንም አብረህ ቆፍረኝ።"

"ተነሺ፣ ሰው ያየናል!"

"ይየን። እስከ ጠዋት ታገሰኝ። ቅጠሉ ካልተዘረጋ ዶማውን ራሴ እይዛለሁ፤ ሻንጣህንም ራሴ እሸክፍልሃለሁ።"

ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ሳይጠራሩ ማሳው ዳር ተገናኙ። ዴሺንግ "ሽንቴ መጥቶ ነው" አለ። ይህን ሁሉ መንገድ ለሽንት!

ቅጠሉ ጤዛውን ይዞ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ዩንሺያ ጫማዋን አውልቃ መሬቱን ረገጠችው፤ አፈሩ ዱካዋን ያዘ እንጂ እግሯን አልዋጠም። ልኩ ይህ ነበር።

"አሁን ክፈተው፤ ስስ ውሃ ይጠጣ። እሱ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና እናስጠማዋለን።"

እንዲህ እያጠጡ እያስጠሙ ሰነበቱ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ዛላውም እንደ ጨዋ ሙሽራ አንገቱን ደፋ። ዩንሺያ ከአንዱ ዛላ ግርጌ ፍሬ ፈልፍላ በጥርሷ ነከሰች። ቀጭ! ከሌላውም፣ ከሌላውም። ቀጭ፣ ቀጭ። ግድቡ ላይ ዘፍ አለች።

"ምነው? ገለባ ነው?" አለ ዴሺንግ ፊቱ ነጥቶ።

"ሱዡ ለጡቧ ሌላ ወገብ ትፈልግ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

ዴሺንግ ሳቁን ውጦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሌላ ዛላ ቆርጦም ዘረጋላት። "እስቲ ይቺንም ንከሺያት። አንቺ ስትነክሻት ነው የማምነው።"