ሰላዩ ለሴት የሚሰጣት ሰዓት

ሰላዩን የማታውቁት ካላችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የጉደታ ነገር አይገባችሁም። በአማርኛ እየተተረጎመ ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚመጣ ተከታታይ ፊልም ነው። የሰውየው ስም ለምላስ ስለማይመች እኛ ሰላዩ ነው የምንለው። መልኩ ያማረ፣ ሲዋሽ ደግሞ ከቄስ በላይ የሚታመን። የሰፈሩ ትልቅ ቴሌቪዥን እኔ ቤት ስለሆነ ሴቱ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚሰበሰበው። ጎረቤቴ ወይንሸት ሱቋን ትዘጋና ልጇን ዳናዊትን ይዛ ትመጣለች። ጸጉር ቤት ያላት ፀዲም ትመጣለች፣ ከሷ ጋር ወሬ ይመጣል።

ሰላዩ የሚወዳቸው ሦስት ሰዓቶች አሉት። እኛ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ እጁን ነው የምናየው። ጥቁሯን፣ የጎማ ማሰሪያ ያላትን ካሰረ ጠብ አለ ማለት ነው፤ ባህር ይገባል፣ ሰው ያንቃል። ቡናማዋ፣ ቆዳዋ የተላላጠው፣ መስታወቷ የተጫረው፣ የአባቱ ናት። እሷን የሚያስረው እናቱ ቤት ሲሄድና ያቺን ከልቡ የሚወዳትን ሐኪም ሲያገኛት ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ወርቃማዋ ናት፤ ፊቷ አረንጓዴ። እሷን ካሰረ ሴት ሊያታልል ነው። አጠገቧ ቁጭ ይልና ልክ የሱን የመሰለች ትንሽ የሴት ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ ያስርላታል። ሴትየዋ በደስታ ታለቅሳለች። ሰዓቷ ውስጥ ግን የምትቀዳ ነገር አለች፣ ያወራችውን ሁሉ ይሰማል። አንዷን ባህር ጣሏት። አንዷ እስር ቤት ገባች። ሌላዋን ደግሞ ራሱ ለጠላቶቿ አሳልፎ ሰጣት፤ መኪና ውስጥ ሲጎትቷት እሱን በስሙ እየጠራች ነበር፣ እሱ ቡናውን ይጠጣል።

ስለዚህ ወርቃማዋ ብቅ ስትል ሁላችንም ባንድ አፍ «አለቀላት» እንላለን። ደስ ይላል።

ዳናዊት ግን የቡናማዋ ወዳጅ ናት። «እኔን የሚያገባኝ ሰው እሷን የመሰለች አስሮ ይምጣ» ትላለች። እናቷ ሰምታለች፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ፀዲ ስለሰማች ደግሞ አሰላ በሙሉ ሰምቷል።

ያልሰማው የሚያገባት ሰው ነው። ጉደታ የኢሱዙ ሹፌር ነው፣ ከአቦምሳና ከኢተያ እህል ይጭናል። ሰላዩ ሲጀምር እሱ መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን አይቶት አያውቅም። ጥሩ ልጅ ነው፣ እንዲያው ጥሩ ብቻ ነው። አቦምሳ ሲያድር የእህል ነጋዴዋ የኢፍቱ ግቢ ነው የሚያድረው። ኢፍቱ ባሏ የሞተባት ናት፣ ገና ወጣት፣ መልኳም አይጠላም። ሹፌር ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው፣ ግን የሹፌር ሁሉ እጮኛ ዳናዊት አይደለችም። «አቦምሳ ሴት አለችው» የሚለው ወሬ እኔ ጋ ሲደርስ ቀጭን ነበር፤ ከኔ ሲወጣ ትንሽ ወፈር ብሎ ይሆናል። ዳናዊት ማርያም ደጃፍ ወስዳ አስማለችው። ማለላት። አመነችው፤ አምናም ግን ስልኩን ታይ ነበር።

ወይንሸት ደግሞ ጉደታን አትፈልገውም። ግቢዋ ውስጥ የሚከራይ፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ሐኪም አለ። ሸሚዙን ራሷ ስትተኩስለት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የባሏን ሸሚዝ ስትተኩስ ግን አይቻት አላውቅም። ሽማግሌ ሲላክ ባሏ እሺ አለ፣ ልጅቷም ወዳለች። ወይንሸት እምቢ የምትልበት አፍ አጣች።

አንድ ቀን ሱቋ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጉደታ መጣ። ቆቡን አወለቀ።

«እትዬ ወይንሸት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጥሎሹ ላይ ሰዓት ልጨምርበት ብዬ ነው። ዳኒ አንድ ሰላይ ያስራታል የምትላት ሰዓት አለች አይደል? የትኛዋ ናት?»

ወይንሸት ስኳር እየመዘነች ነበር። ቀና አላለችም።

«ወርቃማዋ» አለችው። «አረንጓዴ ፊት ያላት።»

«እርግጠኛ ነዎት? ቡናማ ምናምን ስትል የሰማኋት መስሎኝ።»

«ቡናማዋማ የተላላጠች አሮጌ ናት። ልጄን አሮጌ ልታስርላት ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም።»

«ጥንድ ግዛ። የወንዱን አንተ እሰረው፣ የሴቷን ሰው ፊት አውጥተህ በገዛ እጅህ እሰርላት። ሰላዩ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ካላመንከኝ እማማ ቦጋለችን ጠይቃቸው።»

ወደኔ ዞረ። «አኮ፣ እውነት ነው?» አኮ ነው የሚለኝ፣ በኦሮምኛ አያቴ እንደማለት።

«እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አልኩት። እስቲ ውሸት አለው? የለውም።

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞኝ ሄደ። ወይንሸት ስኳሩን ቋጠረችና አሁን ቀና አለች።

«ምነው እማማ፣ ነጠላዎትን አፍዎት ላይ አደረጉት?»

«ብርድ ነው» አልኳት። «ጥሎሹ ቀን ፊት ለፊት ቦታ ያዢልኝ።»

ልጁ አሰላን ዞሮ ዞሮ አጣት፣ አዳማ ድረስ ሄዶ ነው ያገኛት። ሰዓት ሻጩ «የሰላዩ ናት፣ ሴቶች ይሞቱላታል» አለው አሉ። እሱም ውሸት አልተናገረም።

ድሮ ጥሎሽ ሲመጣ ሙሽራው አብሮ አይመጣም ነበር። ዘንድሮ ቀለበቱንም ጥሎሹንም ባንድ ቀን አድርገው ይገላገሉታል። እነ ወይንሸት ግቢ ድንኳን ተተከለ። የጉደታ ሽማግሌዎች በጋሽ ገብረ መድህን እየተመሩ ገቡ። ሻንጣውን የተሸከመው ሹፌር ጓደኛው ሰኢድ ነው፣ ቀልደኛ ነገር። ሻንጣውን ጠረጴዛ ላይ ከፈተና እቃውን አንድ በአንድ እያነሳ ማሳየት ጀመረ።

«ከፍ አድርገው እንጂ፣ ዓይናችን አያይም» አልኩት ከፊት ወንበሬ።

«እማማ፣ እንዲታይዎት እኔ ልልበሰው እንዴ ቀሚሱን?»

ድንኳኑ ሳቀ። ቀሚሱ ታየ፣ እልል ተባለ። ጫማው ታየ።

«ተረከዙ አጠረ» አለች ፀዲ።

«ሙሽራው አጭር ስለሆነ እንዳትበልጠው ነው» አላት ሰኢድ፤ ደግሞ እልል ተባለ። ሽቶው፣ ጃንጥላው፣ ሁሉም ታየ። ዳናዊት መሃል ተቀምጣለች፣ እንዲህ አምሮባት አይቻት አላውቅም። በየመሃሉ ጉደታን ሰረቅ አድርጋ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ወሬውን ሁሉ የረሳች ትመስል ነበር።

ከዚያ ጉደታ ራሱ ተነሳ።

«ይቺን ደግሞ እኔ ነኝ የማስርላት» አለ። ትንሽዬ ሳጥን ከኪሱ ሲያወጣ የኮቱ እጅጌ ወደ ላይ ተሰበሰበ። እጁ ላይ ወርቃማዋ አለች። አረንጓዴ ፊቷ ከድንኳኑ በር በገባው ፀሐይ ታበራለች።

እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱት ሴቶች እንደከፈቱ ቀሩ።

ሳጥኑን ከፈተው። ትንሿ እህቷ ወጣች።

«አለቀላት» አለች ፀዲ።

ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። መጀመሪያ የፊተኛው ረድፍ ሳቀ። ከዚያ ከኋላ ያሉት ምንድነው ብለው ጠየቁ፣ ተነገራቸው፣ እነሱም ሳቁ። አስተናጋጆቹ ትሪ እንደያዙ ይስቃሉ። እኔ እንባዬ ወረደ። ፀዲ ደግሞ ማን ይያዛት፤ «የአቦምሳዋም እንደዚች አስራለች?» አለች።

ከሁሉም የሚያስቀው ጉደታም አብሮ መሳቁ ነው። ደስታ መስሎታል። «ምነው፣ አላማረችም?» እያለ የዳናዊትን እጅ ይዞ መቆለፊያዋን ይታገላል። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ አልቆለፍ አለው።

ዳናዊት አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች፣ የሱን እጅ አየች፣ ቀጥላ እናቷን አየች። ወይንሸት ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ያን ጊዜ ልጅቷ እጇን ሳበች።

«ተወው» አለችው።

«ዳኒ?»

«ሰኢድ፣ ሻንጣውን ዝጋው።»

ጋሽ ገብረ መድህን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ የጎደለ ነገር ካለ ይሞላል። ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም ጋሼ» ብላ ተነስታ ወደ ቤት ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።

ወንዶቹ ምን እንደሆነ አያውቁም። ጥግ ይዘው ተመካከሩ። አንዱ ሽማግሌ «ንጹህ ወርቅ ስላልሆነ ነው» አሉ። ሌላው «አረንጓዴ የማይስማማው ቤት አለ» አሉ። አንድም ሴት አልነገረቻቸውም። ጉደታ ባዶውን ሳጥንና ትንሿን ሰዓት ይዞ የተዘጋው በር ፊት ቆመ፣ ሰኢድ በክንዱ ይዞ እስኪወስደው። ሻንጣውን መልሰው ጫኑት። ወይንሸት «ያው የሰራሁት እንዳይበላሽብኝ፣ ቅረቡ» አለች። ቀረብን። ዶሮዋ ጥሩ ነበረች፣ ጨው ትንሽ በዝቶባታል እንጂ።

በሳምንቱ ጉደታ ቤቴ መጣ፣ በቀን። ከስቷል።

«አኮ፣ ማል በሌሴ? ምን አጠፋሁ? ስልክ አታነሳም። ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ እጄን እያየ ይስቃል።»

በአፍ መንገር እችል ነበር፤ ግን በዓይን ማየት ይሻላል። «ቁጭ በል» አልኩት። «የትናንቱን ሊደግሙት ነው።»

ቁጭ አለ። ሰላዩ መጣ። እንደ እድል ሆኖ ትናንት ወርቃማዋን አስሮ ነበር፤ አዲስ ሴት ይዟል፣ አንዲት ምስኪን የባንክ ሰራተኛ። ትንሿን ሰዓት አውጥቶ አሰረላት። አለቀሰች።

«ቀጥሎ ምን ያደርጋታል?» አለኝ ጉደታ።

«ያስገድላታል።»

«ሁልጊዜ?»

«ባህር የሚጥላትም አለች።»

እጁ ላይ ያለችውን ፈታ። የምትሰበር ይመስል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት።

«እትዬ ወይንሸት ይሄን ያውቁ ነበር?»

«አንድም ቀን አያመልጣት።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር።»

«አንተ የጠየቅከኝ እንደዚያ ያደርጋል ወይ ብለህ ነው። ያደርጋል። ይኸው አየኸው።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ ጭራሽ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ዳኒ አታውቅም ማለት ነው» አለ። «እናቷ እንደሆኑ አታውቅም። ብነግራት ታምነኛለች።» ብድግ ብሎ ወጣ። እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከሰው አፍ መስማት አልወድም።

ወይንሸት ገበያ ሄዳለች፤ ሱቁ ውስጥ ዳናዊት ብቻዋን ናት። ኢሱዙው ደጅ ቆሟል፣ ሰኢድ ውስጥ ተቀምጧል። ጉደታ ባንኮኒውን ይዞ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገራት። ቡናማዋን ሰምቶ እንደነበር፣ እናቷ ምን እንዳሉት፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ አዳማ ድረስ እንደሄደ። እሷ የምስር ከረጢቱን አፍ እያጠፈች ትሰማዋለች። ሲጨርስ፣

«አውቃለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«እናቴ እንደሆነች። ሳጥኑን የከፈትክ ጊዜ ነው ያወቅኩት። ዓይኗን ሳየው ገባኝ።»

እኔም እውነቱን ለመናገር ይሄን አልጠበቅኩም፤ ጠጋ አልኩ።

«የአቦምሳውስ?» አላት።

«እሱም ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ኢፍቱ ጋ ደውዬ ነበር፣ ያኔ ገና ጥሎሹ ሳይመጣ። አልቅሳ ነው የማለችልኝ።»

«ታዲያ ምን አድርጌ ነው ዳኒ?»

«ምንም አላደረግክም። ሳቁብኝ።»

«ይሳቁ።»

«ፀዲ ሳቀች። እማማ ቦጋለች፣ እነዚህ እዚህ የቆሙት፣ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ካገባሁህ እስክሞት ሲስቁብኝ ነው የሚኖሩት። ልጅ ብወልድ የሰላዩ ልጅ ነው የሚሉት።»

«እኔ ላይ ነው የሚስቁት፣ ምን ቸገረሽ?»

«አንተ መንገድ ላይ ነህ» አለችው። «እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሰኢድ ክላክስ አደረገ። ጉደታ ወደ መኪናው ዞረ፣ ተመልሶ ወደሷ ዞረ። ቤተክርስቲያን ወስዳ ስታስምለው፣ ስልኩን ስትበረብር፣ አንድም ቀን ከፍ አድርጎ ያልተናገራት ልጅ ነው። አሁንም አልተናገራትም።

«ውሃ ስጪኝ» አላት።

«ቀዝቃዛ ነው ኖርማል?» አለችው፣ ለመንገደኛ ሁሉ እንደምትለው።

«ኖርማል።»

ከመደርደሪያው አንስታ አቧራውን በጨርቅ ጠረገችና ሰጠችው።