ደም ያልደረሰበት

«እማማ፣ ብቻዬን መጠበቅ አቃተኝ፤ ለዚህ ነው የደወልኩት። ምህረት ኦፕራሲዮን ክፍል ናት» አለች ሶስና።

ይታየሽ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ወንድሟ ልጅ ወደ ምሳው ዞረች። ስልኩ የእሱ ነው። ሰቆጣ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማር ልትሸጥ ከአገሯ ከፃግብጂ በመጣች ቁጥር የምታርፈውም እሱ ቤት ነው። ሶስና ደግሞ ሮም ላይ ከይታየሽ ልጅ ከምህረት ጋር የምትኖር፣ እንደ እሷ የሰው አገር አዛውንት እየጦረች የምታድር ባልንጀራዋ ናት።

ምሳው ዓይኑን ሰበረ።

«ታውቅ ነበር?»

«ካንሰር ነው አክስቴ። አምና አንድ ጡቷን አውጥተውታል። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምላኝ ነው።»

ይታየሽ ከማሩ ባልዲ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ዛሬ ምኗን ሊያወጡ ነው?» አለች በስልኩ።

«ሊያወጡ አይደለም፤ ሊመልሱላት ነው። ከሆዷ ሥጋ ወስደው ጡት ይሠሩላታል። ሐኪሙ አሁን ወጥቶ ነግሮኝ ገባ። በደም ሥሯ የሚያበራ መድኃኒት ሰጥተው በካሜራ ያዩታል። ደም የደረሰበት ሥጋ ያበራል፤ ያልደረሰበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የእሷ እኩሌታው ጨልሟል።»

«የገዛ ሥጋዋ አይደለም እንዴ? ደሟ ስለ ምን ይጠላዋል?»

«አልጠላውም እማማ። መንገድ አጥቶ ነው። የደም ሥሩን ፈትተው እንደገና እየሰፉት ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ምሳው ደጋግሞ ቢሞክር አልገባም።

ምህረት በልጅነቷ ኩፍኝ ሲይዛት ይታየሽ አዝላት ሰቆጣ ድረስ ገስግሳለች። አሁን የሚታዘል ገላ የለም። በነጠላዋ ላይ ደረቷን ዳበሰች። ያጠባችው ጡት ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ ስጪ ብትባል ይህንኑም በሰጠች። የጠየቃት ግን የለም። ማር ገዢዎች መጥተው ስንት ነው ቢሏት ዋጋው ጠፋባት።

አመሻሹ ላይ ሶስና ደወለች።

«በሕይወት ወጥታለች» አለች አስቀድማ። «ሁለተኛም አይተውት ነበር። አልበራም። ቢተዉት ይበሰብሳል ብለው የጨለመውን ቆርጠው ጣሉት። የቀረው ትንሽ ነው፤ እሱም መያዙ ገና አይታወቅም።»

 

በማግስቱ ምህረት ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«እማዬ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው። ድምፄን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ።»

ለምን ደበቅሽኝ የሚለው ቃል የይታየሽ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ምሳው ትንፋሹን ውጦ ያያታል።

«ሐኪም አይቶሻል?» አለች።

«አይቶኛል። ቀላል ነው አለ።»

«ቀላል ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲያገረሽ ግን ክፉ ነው። ሥራ እገባለሁ ብለሽ እንዳትነሺ።»

«እሺ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ።»

ከደጅ ዘበነ ተጣራ። ከፃግብጂ አብሯት የመጣ ጎረቤቷ ነው፤ አህዮቹን ጭኖ ለመመለስ ቆሟል። ይታየሽ ስልኩን ለምሳው ሳትመልስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ወደ በሩ ወጣች።

«አንተ ሂድ ዘበነ» አለችው። «ምህረትን ጉንፋን ይዟታል። እስኪለቃት እዚሁ ነኝ።»