ያለ ደረሰኝ አይሆንም

እናቴ ሁለቱን ሰዎች ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎች መሰሏት።

ታኅሣሥ 2017 ነው፣ ቅዳሜ ጧት። ትልቁ ሰውዬ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ግቡ እስኪባሉ አልገቡም። በእኛ አገር እንዲህ የሚቆም ሰው ወይ ልጅ ሊጠይቅ ወይ የተጣላ ሊያስታርቅ ነው የሚመጣው፤ እኛ ደግሞ ከማንም አልተጣላንም። ከኋላቸው የፕላስቲክ ፋይል ያቀፈ ወጣት ነበር። እናቴ ፋይሉን ልብ አላለችውም። ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔም ገባኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጓዳ ገብቼ ሻሼን ቀየርኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እናቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አወጣች፤ እኔ ከሱቅ አምቦ ውሃ ይዤ መጣሁ። ኦቦ ነገራ የተባሉት ትልቁ ሰውዬ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁን፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ የሚመጣውንም ዘመን። እናቴ በእያንዳንዱ ላይ አሜን አለች። ምርቃቱ ሲያልቅ ነጠላዋን አስተካክላ ወጉ የሚያዝዘውን ተናገረች።

«ኦቦ ነገራ፣ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ለዛሬ ቀጠሮ እንጂ መልስ አልሰጥም።»

ሰውየው ወጣቱን አዩት። ወጣቱ ጭኮውን ዋጠ።

«ልጅሽ ትባረክልሽ፣ አዴ ጉዴ» አሉ። «እኛ የመጣነው በኦቦ ዲንሳ ጉዳይ ነው።»

ዲንሳ አባቴ ነው። ከሞተ አራት ዓመቱ።

አባቴ በ2006 በሬ አደልቦ ለመሸጥ ከአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ተበድሮ ነበር። በሬዎቹን በሸጠ ዕለት ገንዘቡን እዚያው የከብት ገበያው ላይ ለተቋሙ ሠራተኛ ቆጥሮ ሰጠ። ሠራተኛው ደረሰኙን ሰኞ አመጣልሃለሁ አለው። ሰኞ አልመጣም፤ በሳምንቱ ሥራውን ለቆ ሄደ ተባለ። ተቋሙ ምንም አልገባልኝም አለ፣ አባቴ ከፍያለሁ አለ። እስኪሞት ድረስ ያን ሰኞ ያነሳ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስኳር እንኳ ስትገዛ ደረሰኝ ትጠይቃለች፤ ባለሱቆቹ ይስቁባታል።

አሁን ተቋሙ አሮጌ ብድሮቹን አስመላሽ ለሚባሉ ሰዎች ሰጥቷል። ወጣቱ፣ ቶኩማ ይባላል፣ ፋይሉን ከፍቶ ከነወለዱና ከነቅጣቱ መቶ አርባ ሦስት ሺህ ብር መድረሱን ነገረን። እናቴ ባሏ መክፈሉን ነገረችው። እሱም እኔ የዚያን ጊዜ ሠራተኛ አይደለሁም አለ፤ ድምፁ ትሑት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ጭኮ ወሰደ።

እናቴ የመጡበትን ጉዳይ ደጃፉ ላይ ብታውቅ ኖሮ ትመልሳቸው ነበር። ግን አስገብታለች፣ አብልታለች፣ ምርቃታቸውን ተቀብላለች። ኦቦ ነገራም ይህን ያውቁ ነበር። ስለ ቀሪው ሌላ ጊዜ እንደሚነጋገሩ፣ ለዛሬ ግን ሽማግሌ ከቤቷ ባዶ እጁን ወጣ እንዳይባል ትንሽ ነገር እንድታስይዛቸው ለመኗት። እናቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ለጤፍ የሰጠኋትን ሁለት ሺህ ብር ይዛ ተመለሰች። ግን አልሰጠቻቸውም፤ ጭብጧ ውስጥ ያዘችው።

«ያለ ደረሰኝ አይሆንም» አለች።

ቶኩማ ይህን የጠበቀ ይመስል ነበር። «እውነትሽን ነው፣ አዴ። ያኔም ያጣላችሁ እሱ ነው። እንዳውም እኛ አንጽፈውም፣ ራሳችሁ ጻፉት። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጣል።»

የእናቴ ፊት በራ። «ሃዋኒ፣ ኢንተላ ኮ፣ ጻፊ» አለችኝ። ልጄ ስትለኝ እምቢ የምልበት አንደበት የለኝም።

ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ ካርድ ክፍል ያስገቡኝም ለዚሁ ነው። ቶኩማ እየነገረኝ ጻፍኩ። ባለቤቴ ከተበደረው፣ ዛሬ መቶ አርባ ሦስት ሺህ ብር ከደረሰው ዕዳ ላይ ሁለት ሺህ ብር ከፍያለሁ፤ ቀሪውን በየጊዜው እከፍላለሁ። «ዕዳ» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። በቤታችን ያ ገንዘብ ዕዳ ተብሎ አያውቅም፤ «የጠፋው ደረሰኝ» ነበር የምንለው። ለምን እንዲህ እንጽፋለን ብዬ ልጠይቅ አሰብኩ። ኦቦ ነገራ እያዩኝ ነበር። ሽማግሌ ፊት አቋርጬ መናገር አልለመድኩም። ጻፍኩት። እናቴ በሁለቱም ላይ አውራ ጣቷን አተመች፤ የእኛን ቅጂ በሁለት እጇ ተቀብላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው።

ከሄዱ በኋላ ባዶውን ሳህን አንስታ፣ «ቢያንስ ሆዱን ሞልቶ ሄደ» አለች፣ ሳቀችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀለል ብሏት አላየሁም።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ አምቦ ሄድኩ። ባየሽ የዶርም ጓደኛዬ ነበረች፣ አሁን ጠበቃ ናት። የእኛን ቅጂ ሰጠኋት። አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የዚያ ተቋም የ2006 ውሎች ቢሮ ሲቀይሩ እንደጠፉ ነገረችኝ። እንዲሁ የሚጠየቁ ሦስት ደንበኞች አሏት፤ ተቋሙ ማስረጃ ስለሌለው አንዳቸውንም መክሰስ አልቻለም።

«ውል ቢኖራቸው አሥር ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቃሉ?» አለችኝ። «ሽማግሌ የሚልኩት ውል ስለሌላቸው ነው። አሁን ግን በአንቺ እጅ የተጻፈ ማስረጃ አላቸው። ምነው አንዴ ብትደውይልኝ?»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ነገረችኝ። እናቴ ሽማግሌዎቹ አታለሉኝ፣ የተጻፈው አልተነበበልኝም ብላ ትከራከር፤ ማንበብ አትችልም፣ ዳኛው ሊያምኗት ይችላሉ። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ብዙ ቆይታ፣ ስለ ጽሑፉ ዳኛው እኔን ይጠይቁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

«አንብበሽልኝ ነበር እኮ» አለች።

አንብቤላት ነበር። ከማተሟ በፊት፣ ሰዎቹ እየሰሙ፣ ቃል በቃል።

የካቲት ላይ መጥሪያ መጣ። ችሎት ቀርበን ዳኛው ጽሑፉን አሳዩኝና የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኦቦ ነገራ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠዋል። የእኔ ነው አልኩ። ለእናትሽ ተነብቦላታል ወይ አሉ። ባየሽ ወረቀቶቿን ታያለች፣ እናቴ እኔን ታየኛለች።

«አንብቤላታለሁ» አልኩ።

ተፈረደብን፤ ሰኔ ላይ ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ከዕዳው የተረፈውን ገንዘብ እናቴ ደረሰኝ ላይ አውራ ጣቷን አትማ ተቀበለች፤ እኔና እሷ ከጤና ጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን ገባን።