ዋጋ ጠያቂዎቹ

«እግዜር ያጥናህ!» አሉ ጎረቤቲቱ እንባቸውን እየጠረጉ። የጨበጡት ግን የሟቹን ልጅ ሳይሆን የአማቹን፣ የእህቱን ባል እጅ ነበር። ልጅየው አጠገባቸው ቆሞ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ለቅሶ ቤቱ ሲሞላም ሲጎድልም ወሬው ስለ አማቹ ነው። «እንደ ልጅ ነበር የሆነላቸው» ይላል አንዱ። «ምን እንደ ልጅ፣ ከልጅም በላይ እንጂ!» ይላል ሌላው፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። ልጅየው አንጀቱ እርር ይላል። እውነት መሆኑ ደግሞ ይብሳል።

አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የሰው አውቶቡስ ነድተው፣ የራሴ የሚሉት ጎማ እንኳን ሳይኖራቸው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ከአማቻቸው ጋር የመኪና መሸጫውን ሁሉ ያካልሉ ነበር። መንገዳቸው በልጅየው ፀጉር ቤት በር ነው። ምላጩን እንደያዘ፣ እየተሳሳቁ ሲያልፉ በመስታወቱ ያያቸዋል። አንድ ቀን «ና እንሂድ» ብለውት አያውቁም። አባዬ መኪና እየመረጠለት ነው፣ ይላል በሆዱ። ለእሱ!

ከሰዓት ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አማቹን ኮሪደሩ ላይ ያዘው።

«አባዬ የትኛውን መረጠልህ?»

«ምኑን?»

«መኪናውን ነዋ! አዲሱን ወይስ ያገለገለውን?»

አማቹ ግራ ገባው። «እኔ መኪና የምገዛ እመስላለሁ? እሳቸውስ በምናቸው ይገዛሉ? አዲሱ ውስጥ ገብተው ሽታውን ይስቡታል፤ ዋጋው ሲነገራቸው ያፏጫሉ። ከዚያ ያገለገለው ጋ ሄደን ኮፈኑን ያስከፍታሉ። ‹ይሄ በግማሽ ዋጋ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ግን መካኒክ ይበላዋል› ይላሉ። ኋላ ወንበር ቁጭ ብለው፣ ‹የልጅ ልጆቼን ጠቅላላ ይይዛል› ይሉና ወርደን እንሄዳለን። በቃ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠራኝም?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹እሱ ፊት ዋጋ ከጠየቅሁ ፀጉር ቤቱን ሸጦ ይገዛልኛል። አንተ ቋጣሪ ነህ፣ ካንተ ጋር ስጋት የለብኝም› ብለው ሳቁብኝ።»

ልጅየው ሳያስበው ፈገግ አለ። ቅናቱ ግን አሁንም አልለቀቀውም፤ ያን ሳቅ የሰማው ሌላ ሰው ነው።

ሳሎን ሲመለሱ ሌሎች ለቀስተኞች እየገቡ ነበር። ልጅየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አማቹ እንደ ጠዋቱ ለቀስተኛ ለመቀበል ወደ በሩ ሊሄድ ሲል፣ ልጅየው ጠጋ አለና አጠገቡ ያለውን ቦታ በመዳፉ ጠረገለት።