በተራረፈ ቀለም የታደሰች ጀልባ

ምንይችል ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት በተረፈ ቀለም በቀባው የጀልባ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ፊቱ ለቆመው ሰው «ነገ ተመለስ» ይል ነበር። ይህ የታወቀው ረቡዕ ጠዋት፣ ቀለሙ እንደደረቀ ነው።

መጀመሪያ የተቀመጠው ጎረቤቱ ዓሣ አጥማጁ አንዳርጌ ነው። ሥራውን ልይልህ ብሎ መጣ፤ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ።

«እንዴት አየኸው?» አለው ምንይችል።

«ማመልከቻ ይዘሃል?»

«የምን ማመልከቻ?»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለስ።»

አንዳርጌ ከአግዳሚው ሲነሣ ያለውን አላስታወሰም። ቀለሙን አድንቆ ወደ መረቡ ሄደ።

ምንይችል አልደነገጠም። ሃያ ሁለት ዓመት ጣና ላይ ሰው ያመላለሰ ሰው በትንሽ ትልቁ አይደነግጥም። ነገሩ ከየት እንደመጣም ገብቶታል። እሑድ የልጁ የዓይናዲስ ሰርግ ነው፤ ሙሽራው የሐይቁ ማዶ ሰው ነው፤ ሙሽሮቹን የምታሻግረው ጀልባ ደግሞ ጎኗ ዝጎ፣ ቀለሟ ተቀርፎ፣ ዕከክ የያዛት አህያ መስላ ነበር። አዲስ ቀለም መግዛት ይቅርና ዋጋውን መጠየቅም ያስፈራል። ስለዚህ ራሱ ሊያድሳት ቆረጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በተሰበረ ቢላ ፋቃት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻት፣ ስንጥቋን በስቱኮ ደፈነ። ቀለሙን በየደጁ ዞሮ ለመነ። ቀበሌው ግድግዳውን ቀብቶ የተረፈውን ክሬም ሰጠው፤ ጤና ጣቢያው ነጭ፣ ትምህርት ቤቱ ሰማያዊ። ከላይ የጋገረውን ቆዳ በእንጨት እያነሣ የቀረውን በአሮጌ ነጠላ አጠለለው። ከአንድ ጣሳ ግርጌ በተገኘች ቀይ ደግሞ፣ ብቻውን ሲነዳት ውሃው የሚደርስበትን ልክ በጎኗ ዙሪያ አሰመረ። በዚህች መስመር በጣም ኮርቶ ነበር።

ሁለተኛው አግዳሚ የጤና ጣቢያው ነው። ሚስቱ ጥሩዓለም ጣሳ ልታቀብለው እዚያ ተቀመጠችና እጇን አጣጥፋ መጠበቅ ጀመረች።

«ጣሳውን ስጪኝ እንጂ።»

«ተራዬ አልደረሰም።»

ስሟን ከነአባቷ ስም ሁለት ጊዜ ሲጠራ «አቤት» ብላ ተነሣች። ሦስተኛው አግዳሚ የትምህርት ቤቱ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው እጁን ሳያወጣ አይናገርም።

«ሌላ ቀለም ፈልግ» አለችው ጥሩዓለም።

«ለአንድ ሰዓት መንገድ? ዋናው ማማሯ ነው።»

አራተኛው፣ ጠባቡ፣ የሙሽራዋ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ የለመነው ቀለም አልቆ ነበር። አልጋ ሥር ግን ግማሽ ጣሳ አረንጓዴ አለ፤ ዓይናዲስ መራመድ በጀመረችበት ዓመት የቤታቸው በር የተቀባበት። ያኔ ልጅቷ እርጥቡ በር ላይ መዳፏን ለጥፋ፣ ምንይችል ተቆጥቶ በላዩ ደርቦ ቀብቶበታል። ጣሳውን ከፈተ፣ አግዳሚውን ቀባና ሳይደርቅ ተቀመጠበት። ሰው ላይ ከመሞከር በራስ ይሻላል ብሎ ነው። ጫማውን አወለቀ፤ ራት ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ የትም መሄድ አላሰኘውም። ጥሩዓለም በሁለት እጇ ጎትታ አነሣችው፤ የተነሣውም ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበረ ነው። በማግስቱ ቀለም የነካውን ሱሪ ለብሶ በየጎረቤቱ እየገባ ጋደም ማለት ስላበዛ፣ ሱሪውን ደበቀችበት።

«እዚያ ላይ ልጄን አታስቀምጣትም» አለችው።

«ሌላ ቀለም የለም።»

እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ግን እንጨቱን ባዶውን መተው ይቻል ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ምንይችል ልጁ እንድትሄድበት አልፈለገም።

በልማዱ የሙሽራ አባት ልጁን መርቆ እቤቱ ይቀራል። ጀልባዋን ግን ከሱ በቀር የሚነዳት አልነበረም። ስለዚህ እሑድ ዓይናዲስ ጉልበቱን ስማ እንደተነሣች ካባውን አወለቀና፣ ከእንግዲህ ባለጀልባ ነኝ ብሎ ሞተሩ ጋ ተቀመጠ። ጉዞው ሰላም ነበር። አንደኛ ሚዜ ከፊት ሆኖ፣ ዘፈን እንዲጀመር የተጻፈ ደብዳቤ ካለ እንዲቀርብለት ጠየቀ። ሁለቱ ሚዜዎች ከኋላው ተራቸውን እየጠበቁ አልፎ አልፎ ሳሉ። ሙሽራው ውባንተ እጁን አውጥቶ የሐይቁን ጥልቀት ጠየቀ። ዓይናዲስ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ አራተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አውልቃ ከሥሩ አኖረች።

ማዶ ደረሱ። ሰው ዳር ላይ ተሰብስቦ ከበሮ ይመታል።

«ውረጂ እንጂ» አለ ውባንተ፣ ቀድሞ ውሃው ውስጥ ወርዶ።

«ወዴት?»

«ቤታችን።»

«ቤቴ ነኝ እኮ» አለች ዓይናዲስ። «እናንተ ግን ቆማችሁ ቀራችሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ሚዜዎቹም ወርደው ጎተቷት። ጀልባዋ ወደነሱ ዘመመች፤ ልጅቷ ግን ከአግዳሚው አልተላቀቀችም። ከበሮው ቆመ።

ምንይችል ደስ አለው። የቀረው ሞተሩን አስነሥቶ ይዟት መመለስ ብቻ ነበር፤ እጁም የሞተሩ ገመድ ላይ ነበር። ከዚያ ውባንተን አየው። በአዲስ ሱሪውና በአዲስ ጫማው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የትምህርት ቤቱን አግዳሚ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ሆኖም እጁን አውጥቶ ነበር። ማንም ተናገር አላለውም፤ እሱም እጁን አላወረደም።

«ምን ፈለግክ?» አለው ምንይችል በመጨረሻ።

«ሚስቴን።»

ምንይችል ገመዱን ለቀቀ፤ የተሰበረውን ቢላ ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ። መጀመሪያ የአግዳሚውን ዳር ዳር ፋቀ። ከዚያ ልጁ ቀሚሷን ከፍ አደረገችለትና ከሥሯ ያለውን ቀጠለ።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«በሩን እያደስኩት ነው።»

«ብናኙ ራቱ ውስጥ እንዳይገባ።»

«አይገባም።»

እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። ሰዉም የቀለሙ ብናኝ ዓይኑ ውስጥ የገባ መሰለው። የመጨረሻዋ ቅራፊ ስትለቅ ዓይናዲስ ተነሣች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ የባሏን እጅ ይዛ ወረደች። ዳር ላይ ሆና ወደ ምንይችል ዞረች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችው፤ መንገደኛ ባለጀልባን እንደሚያመሰግነው። ከበሮው ቀጠለ።

ብቻውን ተመለሰ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መሐል ሐይቅ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ቀይዋን መስመር አየ፤ በግራ በኩል፣ ከአራተኛው አግዳሚ ትይዩ፣ አንድ ጣት ያህል ሰጥማለች። የነዳጁን ጀሪካን ወደ ቀኝ አዛወረ። መስመሯ አልተነሣችም። ሲያሰምር እንዳልተሳሳተ እርግጠኛ ነበር።

ደርሶ ጀልባዋን አሰረ። መስመሯ ያን ጊዜ ቀስ ብላ ከውሃው ወጣች፤ ሰው ሲወርድ እንደምትወጣው። ደረቁ ድንጋይ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ ታየ፤ ባዶ እግር ነው። ምንይችል ተንበርክኮ በመዳፉ ለካው፤ ከመዳፉ አነሰ። ሁለት ቦታ ላይ ወድቆ የተነሣ ይመስላል። ተከትሎት እቤቱ ደረሰ።

ጥሩዓለም ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«በሩን አንተ ነህ የቀባኸው?»

«ቀለም የለኝም።»

በሩ አረንጓዴና እርጥብ ነበር። ከታች፣ ከጉልበት በማይበልጥ ከፍታ ላይ፣ አንድ ትንሽ መዳፍ ታትሟል።

«ደርበህ እንዳትቀባበት» አለችው።

ምንይችል ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ቆመው እያዩ፣ ከመዳፉ ጎን ሌላኛው መዳፍ ቀስ ብሎ ታተመ።